ጭራ ፍለጋ

ፀጉሯ ስስ የሆነ ሴት መንዝ ላይ መወለድ አልነበረባትም። ሌላ አገር የሳሳ ፀጉር የባለቤቷ ምስጢር ነው፤ በሻሽ ይሸፈናል፣ በቅባት ይተኛል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። መንዝ ላይ ግን ነፋሱ ምስጢር መጠበቅ አያውቅም። ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ መጀመሪያ ነጠላውን ይገልጣል፣ ቀጥሎ ሻሹን ያላላል፣ በመጨረሻም ከጆሮዬ በላይ ያለውን ገላጣ ቦታ ለገበያተኛው ሁሉ ያስጎበኛል።

ይባስ ብሎ በዙሪያዬ ያለው ፍጥረት ሁሉ ባለፀጉር ነው። የመንዝ በግ ከአንገቱ እስከ ላቱ ተጀቡኖ ነው የሚሄደው። ጓሳ በሚባለው የሣር ደጋችን ያለው ወንድ ጭላዳማ አይነሣ! ከትከሻው የሚወርደው ጎፈር በነፋስ ግራና ቀኝ ሲዘናፈል ያየ ሰው፣ ተመራማሪ ከባሕር ማዶ እየመጣ በዚያ ብርድ ቁጭ ብሎ ቢያጠናው አይገርመውም። ሻምፖ አያውቅ፣ ቅቤ አያውቅ፣ ከነጋ እስኪመሽ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ፀጉሩ ግን የሙሽራ ነው።

«እግዜር ይኸን ለዝንጀሮ ሰጥቶ ለእኔ የነሣኝ ምን አስቦ ነው?» ብዬ አክስቴን ብጠይቃት፣

«እሱ ጋቢ የለውማ» አለችኝ።

ሂሳቡን ላስቀምጠው። የሰው አናት ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ። ከዚያ ውስጥ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆነው ይረግፋል፤ ይኸም የጤነኛ ሰው ነው። ያልረገፈው በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ፀጉር የሚበቅልባቸው ጉድጓዶች ብዛት ደግሞ ገና ከእናታችን ማሕፀን ሳንወጣ ተቆርጦ ያለቀ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ገበያ ላይ የሚሸጥ ማንኛውም ክሊፕ፣ ማንኛውም ላስቲክ አንዲት ዘለላ እንኳ አይጨምርም ማለት ነው። ሥራው ያለችውን አንሥቶ፣ ነፍቶና በትኖ ብዙ ማስመሰል ብቻ ነው። ይኸን ካወቅሁ ወዲህ ሻጮቹን መቀየም ትቻለሁ። የሚሸጡልኝ ፀጉር አይደለም፤ ሰው ሲያየኝ የሚያስበውን ነው። እሱ ደግሞ ውድ ዕቃ ነው።

የአያቶቻችን መላ ሌላ ነበር። እነሱ የሚጀምሩት ከመላጨት ነው። አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ብቻ የተተወላት ልጃገረድ ሳዱላ ትባላለች፤ አናቷ የሚለቀቅላት ስታገባ ነው። ወንዱ ልጅ በተቃራኒው ዙሪያው ተላጭቶ ቁንጮ ይቀርለታል። ትልቅ ሰው ሆኖ ቅቤ አናት ላይ ጣል ማድረግ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ መቀመጥ አለ። እኛ ደጋ ግን ፀሐዩ ከቅቤው ጋር ብዙ ስለማይግባባ፣ ጠዋት የተጣለው ቅቤ እስከ ምሳ ድረስ ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ ባለቤቲቱም ሳትሸብት የሸበተች ትመስላለች።

አክስቴ የመላጨት ወገን ናት። «የተላጨ ወፍሮ ይበቅላል» ትላለች። ሐኪሞቹ አይስማሙም፤ ምላጭ ከቆዳ በላይ ያለውን እንጂ ሥሩን አይነካም፣ ወፍሮ የሚታየውም ጫፉ ሹል መሆኑ ቀርቶ ዱልዱም ስለሚሆን ነው ይላሉ። ይኸን ብነግራት፣

«ጓሳን አታይም?» አለችኝ።

መንዜ ክርክር ሲጠብቅበት መድረሻው ጓሳ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ የአስቦና የጌራ ወገን የሆኑ አባቶች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ያንን ሣር ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይከለክሉት ነበር። የሥርዓቱ አለቃ አባ ቄራ ካልከፈተ ማጭድ ይዞ የሚገባ፣ ከብት የሚያሰማራ የለም። ሲከፈት ግን ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር ተንዠርግጎ ይጠብቃል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል።

«የአንቺም አናት ይከልከል» አለች አክስቴ። «በየቀኑ ማሰር፣ በየቀኑ መጎተት፣ በየቀኑ መፍታት! ሣር እንኳ ዕረፍት ይፈልጋል።»

በዚህስ ልክ ናት። ፀጉር እየተጎተተ ጠብቆ ሲታሰር፣ ሹሩባውም ሆነ ፖኒቴሉ፣ ሥሩ እየደከመ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ መሳሳት ይጀምራል፤ ሐኪሞች ትራክሽን አሎፔሺያ ይሉታል። ከቆየ ሥሩ ጨርሶ ይሞታል። ፀጉሯን ለማብዛት የምታስረው ሴት በማሰሯ ታሳሳዋለች፣ ስለሳሳባት ደግሞ ይበልጥ አጥብቃ ታስራለች። አክስቴ ይኸን ያለ ሐኪም ደርሳበት የአናቴ አባ ቄራ ሆና ተሾመች። ለጥምቀትና ለሠርግ ይከፈታል፤ በሌላው ጊዜ በሰፊው ለሁለት ተጎንጉኖ በሻሽ ይታሰራል። በቄሮው ጥሩ ዘመንም ቢሆን ግን ሌሊት ተደብቆ ሣር የሚያጭድ አይጠፋም ነበር። እኔም ማጭዴን ያዝሁ።

ስርቆቴ የጀመረው በላስቲክ ነው። ቀጭኑ ላስቲክ ጭካኔው ፀጉርን ጨብጦ እውነቱን ማውጣቱ ነው፤ ሥሩ ላይ የጣት ውፍረት ከሆነ የጣት ውፍረት ብሎ ይናገራል። በጨርቅ የተሸፈነው ወፍራሙ ግን አዛኝ ነው። ራሱ ስለሚያብጥ፣ ከሩቅ ያየ ሰው ጨርቁን ከፀጉሩ ደምሮ ይቆጥርልሻል። ይኸ የሚሆነው ታዲያ ጥቁር ከሆነ ነው። ቀይ የገዛች ሴት ድንበሩን በቀለም ለይታ ያስቀመጠች ናት፤ እዚህ ድረስ ጨርቅ፣ ከዚህ በኋላ እኔ።

ቀጥሎ ያለ ምንም ወጪ የሚሠራ ዘዴ መጣ። ፀጉርን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከሥሩ ማሰርና የላይኛውን በታችኛው ላይ መልቀቅ። ሁለት ትንንሽ ፖኒቴል አንድ ትልቅ ይሆናል፤ ርዝመትም ያገኛል። ይኸ በእውነት ይሠራል፤ ነፋስ እስኪመጣ። ነፋስ ሲመጣ የላይኛው ይነሣና የታችኛው «አቤት» ብሎ ይወጣል። ትንሿን ጥርሳም ክሊፕ ከፖኒቴሉ ሥር ደብቆ ማስገባትም አለ፤ ፀጉሩን ከታች ደግፋ ወደ ላይ ታነሣዋለች። ክሊፗ አትታይም። ትሰማለች እንጂ፤ ትራስ ላይ ጋደም ስትይ ጥርሷን ቆዳሽ ውስጥ ትተክላለች።

ባናና ክሊፕ የሚሉት ግን ክብር ይገባዋል። ሁለት ጎባጣ ጥርሳም ክንዶች ናቸው፤ ከማጅራት እስከ አናት ፀጉሩን ከግራና ከቀኝ ይይዙታል። ላስቲክ ፀጉርን አንድ ነጥብ ላይ ሲሰበስብ፣ ይኸኛው በቁመት ስለሚዘረጋው ከላይ እስከ ታች ፏፏ ብሎ ይወርዳል። በተለይ ለእኛ ለከርዳዳዎቹ የተሠራ ይመስላል። ለስላሳ ፀጉር ከጥርሱ ሾልኮ ይወርዳል፤ የእኛ ግን ይዞ ይቆማል፣ ያብጣል፣ ጎፈር ይሆናል። ከተገዛው ሁሉ ደጉ እሱ ነው። አንድ ችግር አለበት፤ ከኋላ ጠንካራ ስለሆነ ወንበር ላይ ጭንቅላት ማስደገፍ አይቻልም። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር አለ። እሱን ሁሉ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጡት አባት ኩራት መስሏቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሸኙኝ።

ፀጉር ጠቅልሎ አናት ላይ ማሰር ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ለዚህ ዶናት የሚሉት የስፖንጅ ቀለበት አለ። ፖኒቴሉን በመሐሉ አሾልከሽ፣ ፀጉሩን በላዩ ዙሪያውን በትነሽ፣ ከሥር በላስቲክ ትይዢዋለሽ። ዕቃው የሚያብጠው በቂ ፀጉር አለሽ ብሎ ነው። በቂ ፀጉር ቢኖረኝ ምን አስኬደኝ? በእኔ ራስ ላይ ፀጉሩ ግማሽ መንገድ ደርሶ ያልቅና ስፖንጁ በአንድ ወገን ብቅ ይላል። መፍትሔው በነጠላ መሸፈን ነው ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ነጠላዬ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ብሎ ቆመ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት ሲያዝኑልኝ ቆይተው ጠጋ አሉና፣

«ልጄ፣ የተሸከምሽውን አውርጂና ተሳለሚ» አሉኝ።

ስፖንጅ ያጣች ሴት ካልሲ ትጠቀማለች፤ ጣት በኩል ያለው ተቆርጦ ይጠቀለልና ቀለበት ይሆናል። ይኸ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ብልሃት ነው። አጎቴ ግን አያውቀውም። ከጥቁር ካልሲዎቹ አንዱን ሲፈልግ ከርሞ ያገኘው አናቴ ላይ ነው። አክስቴ ከእሱ ይልቅ ደነገጠች፤ «የወንድ እግር አናትሽ ላይ!» ብላ አማተበች።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የሚወስደው ወደ ገንዘብ ነው። አርቲፊሻል የሚባለው ፀጉር በደርዘን ዓይነት ተሰቅሎ ይሸጣል፤ በክሊፕ የሚነክስ ጭራ አለ፣ በገመድ የሚጠብቅ አለ፣ ተጠቅልሎ ያለቀና እንደ ላስቲክ ተስቦ ብቻ የሚጠለቅ አለ። ብዙው ከፕላስቲክ ዘመድ የተፈተለ ነው። ካኔካ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ማምረት የጀመረው ካኔካሎን የዚህ ወገን ትልቁ ስም ነው። ጫፉ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቅርጽ ይይዛል፤ እሳት ዳር ግን ጎንበስ ማለት አይወድም። እንጀራ ለምትጋግር ሴት ይኸ ቀላል ነገር አይደለም። የምጣዱ ክዳን በተከፈተ ቁጥር አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች።

ሂውማን ሄር የሚባለው የእውነተኛ ሰው ፀጉር ነው። ዋጋውን አዲስ አበባ ላይ ስሰማ በብር መቁጠር ከበደኝና በሙክት ቆጠርሁት፤ ሙክቱ አለቀብኝ። ለመግዛት ሳይሆን ለማወቅ ያህል ግን ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ ነበር። የዓለም የዊግ ዋና ከተማ ቻይና ውስጥ፣ ሄናን ክፍለ ሀገር ያለችው ሹቻንግ ናት። ከሚሠራበት ፀጉር አንዱ ምንጭ ደግሞ ሕንድ ነው። አንድራ ፕራዴሽ፣ ቲሩማላ ተራራ ላይ ባለው ቤተ መቅደስ ምዕመናን ስለታቸውን ለማድረስ ፀጉራቸውን ይላጫሉ፤ የተላጨውን ቤተ መቅደሱ በጨረታ ይሸጠዋል።

ይኸን ለአክስቴ መንገር አልነበረብኝም። ቡናዋን አስቀመጠች።

«የስለት ነው?»

«አዎ።»

«አንዲት ሴት ልጄን ማርልኝ ብላ ለአምላኳ የሰጠችውን?»

«እንግዲህ ተሸጦ…»

«አንቺ ደግሞ እሱን አስረሽ ሠርግ ልትሄጂ?»

ቀጥሎ የተናገረችውን አልጽፈውም። ባጭሩ የሰው ስለት ያሰረች ሴት በስተርጅና ምን እንደሚደርስባት ነው። ብሩ ቢኖረኝ ኖሮ እንኳ ከዚያ ወዲያ አልገዛም ነበር።

ስለዚህ አርቲፊሻሉን፣ የክሊፑን ጭራ ገዛሁ። ለጥምቀት ነበር። አናቴ በሕግ የተከፈተበት ቀን ነው፤ አክስቴ ራሷ ከፊት ሹሩባ ሠራችልኝ፣ ከኋላ ጭራው ተነክሶ ወገቤ ድረስ ወረደ። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ያ ነፋስ ተነሣ። ትንሽ ቅለት ተሰማኝ። ዞር ስል ጭራዬ ሜዳውን አቋርጦ ወደ መርሐቤቴ የሚወስደውን አቅጣጫ ይዟል፤ ሁለት የእረኛ ልጆች በዱላ ይከተሉታል፤ ውሻም ተጨምሮበታል። የዐፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ተቆርጦ ባሕር ተሻግሮ ነበር። ዘለላው በ1950ዎቹ ለንደን ያለ ወታደራዊ ሙዚየም ገባ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የወቅቱ የባህል ሚኒስትራችን ሄደው ተረክበውታል። መቶ ሃምሳ ዓመት ቢፈጅም ተመልሷል። የእኔን ያመጣልኝ የለም።

በነገራችን ላይ በዚህ ጉዳይ ወንዶቹ ዝም ማለት ይሻላቸዋል። ሹሩባ ተጎንጉኖ የዘመተው ማን ነበርና? በጠላት ወረራ ጊዜ እነ ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ በረሃና ተራራ አምስት ዓመት ሲዋጉ ከቆዩ በኋላ የተነሡትን የአርበኞች ፎቶግራፍ ያየ ሰው፣ ያንን ጎፈሬ አይቶ እንዴት ሴት ብቻ ፀጉር ትወዳለች ይላል? ፀጉር ያነሰው ወንድም መላ አያጣም፤ የአንበሳ ጎፈር ግንባሩ ላይ ያስራል። የአንበሳውን ጎፈር አጥልቆ የሚፎክረውን ሁሉም ጀግና ይለዋል፤ የፕላስቲክ ጭራ የሰካችው ግን መሳቂያ ናት። ልዩነቱ ለእኔ አልታየኝም። ሁለቱም ከራሳቸው ያልበቀለ ነው ያደረጉት። ለነገሩ አንበሳው አልተጠየቀም፤ እኔ ከፍዬበታለሁ።

ራስ ሲሞላ ምንጊዜም ከውጭ በተገኘ ነገር ነው። የፈረንሳይ እመቤቶች እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ፣ በማሪ አንቷኔት ዘመን፣ ፀጉራቸውን ከግንባራቸው በላይ ክንድ ያህል የሚያቆሙት ውስጡን በፈረስ ጭራና በሱፍ ሞልተው ነበር። ከእነሱ መቶ ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ሴቶች ከማበጠሪያ ላይ የለቀሙትን ረጋፊ ፀጉር በትንሽ ዕቃ እያጠራቀሙ፣ አድቦልቡለው ሙሌት ይሠሩበት ነበር። ይኸን ሳነብ የተናደድሁት ለራሴ ነው። አክስቴ ከማበጠሪያዬ የወጣውን ሁሉ፣ ወፍ እንዳይወስደው ብላ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈዋለች። ግድግዳችን ዛሬ ከእኔ የበለጠ ፀጉር አለው። ቆፍሬ ላውጣ ብል ቤቱ የሚቆመው በእሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሱፉ ግን! ሱፍ የሞላበት አገር ተቀምጬ ስፖንጅ ፍለጋ ደብረ ብርሃን መውረድ ምን ይባላል? ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ የሚሠራው ከዚሁ በግ አይደለም ወይ? ጥቁር በግ ሲሸለት ጠብቄ አንድ እፍኝ ለመንሁ። አክስቴ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ሱፍ ካየች እጇ ዝም ማለት አይችልም። ታጠበ፣ ተባዘተ፣ እየጠመዘዘች ቀለበት አደረገችው። አናቴ ላይ ሲሆን ከዶናቱ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። የሱፍ ጭረት ሸካራ ስለሆነ ፀጉሩን ይዞ ያስቀረዋል፤ ስፖንጁ ያንሸራትተዋል። ፀጉር ባነሰበት በኩል ብቅ ቢልም ጥቁር በጥቁር ነው፣ ከርዳዳ በከርዳዳ ነው፣ የማን እንደሆነ የሚለይ የለም። ነፋሱም ሞከረውና ተወው።

ጉድለት የለበትም አልልም። ዝናብ ሲመታው በግ በግ ይሸታል። ክረምት ላይ ሰው ቤት ገብቼ እሳት ዳር ስቀመጥ፣ ባለቤቶቹ «በጎቹ ገቡ እንዴ?» እያሉ በር በሩን ያያሉ። እኔም አብሬ በሩን አያለሁ።

ችግሩ ሌላ ነው፤ አክስቴ የነገሩን ጥቅም አወቀች። አናትሽ ይከልከል ስትል የነበረችው አባ ቄራ አሁን ገበያ ስትወርድ መሶቧ ውስጥ የሱፍ ቀለበት ደርድራ ነው። ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ለሠርግ የሚሆን ትልቅ አላት። ጥቁር ለወጣቶቹ፣ ቡናማው ሂና ለሚቀቡት፣ ግራጫው ሽበት ለጀመራቸው። ነጩን በግ ማን ይፈልገዋል ብዬ ስስቅባት፣ ለአሮጊቶቹ ብላ እሱንም ሠራችው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ላሉት እማሆይ አንዱን ስታስማማ ደረስሁ።

«ኧረ አክስቴ፣ እማሆይ እኮ የተላጩ ናቸው! የቱ ላይ ያሥሩታል?»

ቀና ብላም አላየችኝ። «ቆባቸው ይሰፋባቸዋል፤ ከውስጥ ሲሆን ቀጥ አድርጎ ይይዝላቸዋል» አለችና ወደ እማሆይ ዞራ፣ «ለእርስዎ ስለሆነ በግማሽ ዋጋ ነው» አለቻቸው።